የተንተራሹ መስፈሪያ

ጠርጥር፣ ከገንፎም አይታጣም ስንጥር የሚለውን ተረት ሁሉም ያውቀዋል፤ የኖረበት ሰው ግን በስማዳ ምድር እንደ አልጣሽ አልተገኘም። ወገዳ ገበያ ስትወርድ የራሷን ቁና በነጠላዋ ሥር ይዛ ነው፤ የሻጩ ቁና ከታቹ በጭቃ ተሞልቶ እንደሆነ ማን ያውቃል? ጠላ ሲቀርብላት ጋባዧ ቀድማ ካልቀመሰች ከንፈሯን አታስነካም። የነፍስ አባቷን እንኳ መስቀል ከመሳለሟ በፊት ገልበጥ አድርጋ ታየው ነበር። ሰው ይስቅባታል፤ እሷ ምን ገዷት። የሚስቁት የተታለሉት ናቸው ብላ ታልፋቸዋለች።

ይችን ሴት የሚያስቃት ባሏ ካሴ ብቻ ነበር። ካሴ ሰፊ ርስት፣ ጥቂት ከብትና ከቅድመ አያቱ የወረሰው አንድ ትልቅ ነፍጥ ያለው ገበሬ ነው። ነፍጡ ከቆመ ሰው ይረዝማል። አፈ ሙዙ የዶሮ እንቁላል ይውጣል ይሉ ነበር፤ ማጋነን ነው፣ የእርግብ ግን በእርግጥ ይውጣል። አንገቱን ካብ ላይ ሳያንተርሱ የተኮሱት እንደሆነ ትከሻ ገንጥሎ ይጥላል። ስለዚህ አገሩ ሁሉ ተንተራሹ ይለዋል። አላጋጮች ደግሞ ቆመህ ጠብቀኝ ይሉታል፤ አንዴ ተኩሶ ዳግመኛ እስኪጎርስ ጠላት ቆሞ ካልጠበቀው ምን ይሠራል ለማለት ነው። ይበሉ! እሱ አንዴ ሲጮህ ግን ዝንጀሮ ለወር ያህል ከገብሱ ድርሽ አይልም።

ተንተራሹ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ካሴ ያነጣጥራል፣ አልጣሽ ታጎርሳለች፣ የተቀጣጠለውንም የጥጥ ገመድ ቀዳዳው ላይ የምታስነካው እሷ ናት። ሌላ ሰው አጉርሶት ባሏ ጉንጩን ሲያስጠጋበት ቆሞ ማየት እንዴት ይሆንላታል? ባሩዱን የምትሰፍረው ጫፉ በተቆረጠ የላም ቀንድ ነው። ቀንዱም እንደ ነፍጡ የአያት የቅድመ አያት ነው፤ አፉ ድረስ ሞልተው፣ በጣት አስተካክለው፣ አንድ ጊዜ ብቻ። አረሩን ከእርሳስ አቅልጣ በድንጋይ ቅርጽ የምታወጣውም ራሷ ናት፤ በቅል አጠራቅማ ታስቀምጠዋለች። ነፍጡ ንጹሕ መሆኑን የምትፈትንበት የራሷ ዘዴ አላት። ባሩድ ሳታስገባ አንድ አረር በባዶው ትለቅበታለች፤ አረሩ ኩልል ብሎ ወርዶ ከታች ጧ ካለ ደኅና ነው፣ ዘቅዝቃ ትቀበለዋለች። ያንን ድምፅ ከልጇ ከአማረች ድምፅ እኩል ነው የምታውቀው።

ጣሊያን አገሩን ይዞ ሰው ዱር ቤቴ ሲል፣ በሠላሳ ዓመተ ምሕረት፣ ካሴም ከመስቀል በኋላ ተንተራሹን በበቅሎ ጭኖ ተነሣ። አጉራሽ ሆኖ የሄደው ታናሽ ወንድሙ ይግዛው ነው። የበረታ ገበሬ፣ እጀ ትልቅ፣ አፈ ትንሽ ሰው። አልጣሽ አታምነውም። አንዴ ማረሻ ተውሶ ሳይመልስ ክረምት አልፎበታል፤ እሱን አልረሳችለትም። ሊነሡ ሲሉ ይግዛው የባሩዱን ቀንድ ጠየቃት። ቀንዱን ከሰጠሁትማ ለወዳጁ ሁሉ ባሩድ እየሰፈረ ሲበትነው ይኖራል ብላ አሰበችና እምቢ አለች። ቀንዱ ከቤት አይወጣም፣ እፍኝ ተኩል ስፈር፣ ልኩ ያው ነው አለችው። እሷ ራሷ ቀንዱን በእፍኟ ለክታ ታውቀዋለች። ካሴ በቅሎው ላይ ጠፍሩን እያጠበቀ ነበር፤ ሰምቶ ሳቀና ተዋት። ሄዱ። ቀንዱ ምሰሶው ላይ እንደተሰቀለ ቀረ።

በሠላሳ ሦስት፣ ነፃነት በሆነ በወሩ፣ ይግዛው ብቻውን ተመለሰ። ተንተራሹን በካሴ ጋቢ ጠቅልሎ ትከሻው ላይ ተሸክሞታል። መርዶው አጭር ነበር። ቆላው ጋይንት ውስጥ ምሽግ ሲመቱ ካሴ ወደቀ፤ በዚያ ቀን ከወደቁ ሰባት ሰዎች ጋር በአንድ ጉድጓድ ተቀበረ። አልጣሽ መሬት ላይ ወደቀች፣ ፊቷን ቧጠጠች፣ ጮኸች። ጎረቤት ደርሶ ያዛት። የዚያን ቀን እንኳን ስንጥር፣ ገንፎው ራሱ አልታያትም።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶው ተጠራ። ሬሳ የሌለው ለቅሶ ላይ በሬሳው ፋንታ የሚቆመው መሣሪያው ነው፤ ተንተራሹ የካሴን ጋቢ ለብሶ ለቅሶ ሜዳው መካከል ሊቆም፣ ባዶ ባሩድም ሊተኮስለት ሆነ። የሚያጎርሰው ማን ነው? አልጣሽ ናታ። እንባዋን እየጠረገች ነፍጡን ግድግዳው ላይ አስደገፈች፣ ከቅሉ አንድ አረር አወጣች፣ እንደ ልማዷ በባዶው ለቀቀችው።

አልወረደም። አፈ ሙዙ ላይ ተወትፎ ቀረ። ሌላ አረር አነሣች፣ ያም እንዲሁ። ሦስተኛውን ሞከረች። እንባዋ ቀጥ አለ። ሰደፉን አገላብጣ አየች፤ አንድ ቀን የጋመው ገመድ አምልጧት ያቃጠለችው ጠባሳ እንደ ድሮው አለ። ጠባሳውን ግን ይግዛውም ያውቀዋል፤ የሚያውቅ ሰው አስመስሎ ማቃጠል ምን ይሳነዋል?

«ይግዛው፣ አረሩ አልገባ አለ» አለችው።

«ዝጎ ጠቦ ይሆናል፣ እታለም» አለ። ይህን ሲል መሬት መሬት ያይ ነበር፤ ፊቱም ዐመድ መስሏል።

አልጣሽ መቀነቷን አጠበቀችና ወጣች። አልቃሿ ተዋበች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ሙሾዋን ጀምራ ነበር። እጇን ይዛ አስቆመቻትና ለሕዝቡ፣ ይህ የካሴ መሣሪያ አይደለም፣ መሣሪያው ካልመጣ ሰውየውም አልሞተም፣ ወደየቤታችሁ ሂዱ አለች። ሰው ዐበደች አለ። ሽማግሌ ለመናት፣ ዘመድ ተቆጣት፣ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነ። የተቀቀለው ንፍሮ ለከብት ተደፋ። ይግዛው የወንድሙን ጋቢ በሁለት እጁ እንደያዘ ሜዳው ላይ ቆሞ ቀረ፤ ሳያለቅስ ሰው ተበተነ።

ከዚያ ወዲያ የአልጣሽ ልብ ሌላ ሥራ አልነበረውም። ይግዛው ወንድሙን ለጣሊያን ሸጦት ይሆን? ወይስ ካሴ ተማርኮ ባሕር ማዶ ተወስዶ፣ ይሄ ሞተ ብሎ ርስቱን ሊጠቀልል ይሆን? ብቻ የሆነ ነገር አለ። ደኅና ሰው ለሞተ ወንድሙ የሐሰት ነፍጥ አያሠራም። ጸጉሯን አልተላጨችም፣ ከል አልለበሰችም። የካሴን መደብ አንጥፋ ታድራለች፤ ማንንም አታስቀምጥበትም።

የነፍስ አባቷ አለቃ ገብረ ሕይወት ጋይንት ቤተ ልሔም የተማሩ፣ ረጋ ያሉ ሊቅ ነበሩ። ልጄ፣ ፍትሐት ያልተፈታለት፣ ተዝካር ያልወጣለት ነፍስ ሜዳ ላይ እንደተጣለ ነው እያሉ በየዓመቱ መከሯት። አልሆን ሲላቸው አንድ መላ አመጡ። ሰው እኮ በሕይወት ሳለም ተዝካሩን ያወጣል፤ የቁም ተዝካር እንበለውና እናውጣለት፣ ካሴም ካለ አይጎዳውም፣ ከሌለም ይጠቅመዋል አሏት። ትንሽ አሰበች። ከዚያ ዐይኗን ጠበብ አድርጋ፣ ይህን ምክር ያመጡት እርስዎ ነዎት ወይስ ይግዛው ነው ብላ ጠየቀቻቸው። አለቃ መስቀላቸውን ወደ እጅጌያቸው መልሰው ወጡ። ምን ያድርጉ?

ይግዛው ደግሞ በየዓመቱ እርሻዋን ያርሳል። ከራሱ ማሳ በፊት የሷን ይጀምራል፣ አጭዶ ወቅቶ ድርሻዋን ደጃፏ ድረስ ያመጣል። እሷ በራሷ ቁና ትሰፍረዋለች። ሁልጊዜ ከልኩ ሁለት ሦስት ቁና ይተርፋል። ጎድሎ ቢሆን ኖሮ እንዴት ደስ ባላት፤ ሌባ ነው ብላ ትገላገል ነበር። መትረፉ ግን እንቅልፍ ነሣት። ያለ ነገር የሚያተርፍ ሰው የት አለ? ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ እያለች ሰባት ዓመት ሙሉ በጎሪጥ አየችው። እሱም ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም።

በሰባተኛው ዓመት አማረችን የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ከእስቴ መጡ። ልጁ ደኅና፣ ቤተሰቡ የተከበረ፣ አማረችም ወዳዋለች። ሽማግሌዎቹ ግን አንድ ነገር ሳያውቁ አንሄድም አሉ፤ የልጅቱ አባት አለ ወይስ የለም? ካለ እንጠብቀዋለን፣ ከሌለ አጎቷ ይዳራት። አማረች እናቷን አየቻት። አልጣሽ ሁለት እሳት መካከል ገባች። አለ ብትል ልጅቱ ቆማ ልትቀር ነው፤ የለም ብትል ደግሞ ይግዛው በአባት ወንበር ተቀምጦ ልጇን ሊድር፣ ርስቱንም በዚያው ሊያጸና ነው። እስከ ገና ስጡኝ አለቻቸው። እስከዚያ የሐሰቱን ነፍጥ የሠራውን ሰው አገኘዋለሁ፣ አንገቱን ይዤ በአደባባይ አስመሰክርበታለሁ ብላ ለራሷ ማለች።

ወገዳ ገበያ ላይ ተንተራሹን ለቀጥቃጮች አሳየች። አንዱ ቀንደ ጠማማ በግ እንደሚገዛ ሰው ዳበስ ዳበስ አደረገውና፣ ይህን የናስ ቀለበት እንዲህ አድርጎ የሚቋጥር የአርብ ገበያው ወልደ ሩፋኤል ብቻ ነው አላት። በማግስቱ ነፍጡን በአህያ ጭና ወደ ታች ጋይንት፣ ወደ አርብ ገበያ ወረደች። ባለ እጅ ዐይኑ አይወደድም ስለሚባል ጤና አዳም ቀሚሷ ጫፍ ላይ ቋጥራለች። ማን እንደሆነችም ላለመናገር ቆርጣለች፤ ነፍጡን ገዝቼው ነው ልትል ነው።

ወልደ ሩፋኤል ዐይኑ የደከመ፣ ጢሙ በፍም የተለበለበ ሽማግሌ ነበር። ጤና አዳሙን አሸተተና ፈገግ አለ። ነፍጡን ጭኑ ላይ አጋድሞ በጣቶቹ ከአፍ እስከ ሰደፍ ዳሰሰው።

«ይኸንማ የሠራሁት እኔ ነኝ» አለ። «ማን ሸጠልሽ? የሚሸጥ አልነበረም።»

«ገበያ ነው፣ ሁሉ ይሸጣል» አለች አልጣሽ። «ሐሰተኛ መሆኑን ታውቃለህ?»

ሐሰተኛ የሚለው ቃል ሽማግሌውን አላስደሰተውም። ብረቱ ከጣሊያን ምሽግ የተነቀለ የውሃ ቧንቧ ነው፣ ባሩድ አታቅምሱት ብዬ አስጠንቅቄ ነው የሰጠሁት አለ። እንጨቱ ግን የፊተኛው ነው፣ ሰደፉን ጫፉንም አልነካሁት። ይህን ሲል ጣቱ ያቺ የቃጠሎ ጠባሳ ላይ ነበር። ከዚያ ሳትጠይቀው ተረከላት፤ ሽማግሌ ሥራውን ያየለት ሲያገኝ እንደሚሆነው ነው።

በሠላሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት ላይ፣ አንድ ትልቅ ሰውዬ ደም የነካው ጋቢ ተሸክሞ መጣ። ጋቢው ውስጥ እንደ ገል የተሰባበረ ብረትና ይህ ሰደፍ አለ። ነፍጡ ምሽግ ላይ ሲተኩሱት ፈንድቶ ወንድሙን ገደለው። ሰውዬው ቁጭ ብሎ ይኸን የፊተኛውን አስመስለህ ሥራልኝ አለ፤ ዋጋ አልተከራከረም። ወልደ ሩፋኤል ስብርባሪውን ገና ሲያይ፣ በየተኩሱ ባሩድ እየበዛበት ብረቱ ደክሞ መፈንዳቱን ዐውቋል።

«መስፈሪያ አልነበራችሁም ወይ ብዬ ጠየቅሁት» አለ። «ቀንድ ነበረን፣ ጥድፊያ ላይ ረስተነው ወጣን አለኝ። ታዲያ በምን ሰፈርክ ብለው በእፍኝ ተኩል አለና እጁን ዘረጋልኝ። አቤት የዚያ ሰው እጅ! የሱ እፍኝ የሌላ ሰው ሁለት ነው።»

አልጣሽ የራሷን መዳፍ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ታየው ነበር። ትንሽ መዳፍ ናት።

«ለምን አስመስዬ ልሥራልህ፣ ስብርባሪውን ይዘህ አትሄድም ወይ ብለውስ» አለ ሽማግሌው፣ «የወንድሜ ሚስት ነገር ሳትመረምር አታድርም፣ ይኸን ካየች ትመረምራለች፣ ከመረመረች ራሷን ትበላለች አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።»

ለሷ ገብቷታል። ሰባት ዓመት የፈለገችው ይኸው እጇ ገባ። ቀንዱ አልተረሳም፤ ተጠይቆ ተከልክሏል። እሷ ያላመነችው ሰው ያንን ለማንም፣ ለማያውቀው ቀጥቃጭ እንኳ፣ አልተናገረባትም። ካሴ የሞተው በሷ ጥርጣሬ ነው። ያለ ፍትሐት የቆየውም በሷ ጥርጣሬ ነው። ስትነሣ ወልደ ሩፋኤልን ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችው፤ እግዜር ይስጥልኝ አባቴ፣ እርስዎ ደኅና ሰው ነዎት አለችው። አንተ እያለች የገባች ሴት እርስዎ ብላ መውጣቷ ሽማግሌውን ሳያስገርመው አልቀረም።

ስማዳ ስትደርስ መጀመሪያ ያደረገችው ቀንዱን ከምሰሶው ማውረድ ነበር። ያንን ይዛ ወደ ይግዛው ዐውድማ ሄደች። በሬዎቹን እያዞረ ያበራያል፤ የሷን ድርሻ ነበር የሚወቃው። ስትመጣ አይቶ እንደ ልማዱ ዐይኑን ወደ መሬት ሰበረ። ቀጥሎ እጇ ላይ ያለውን አየ፣ ጅራፉም ከእጁ ወደቀ።

«አርብ ገበያ ነበርኩ» አለችው።

ይግዛው ጭዱ ላይ ተቀመጠ። «ያጎረስኩት እኔ ነኝ፣ እታለም» አለ። «እጄ ነው የገደለው።»

አልጣሽ ቀንዱን ጭኗ ላይ አድርጋ ጎኑ ተቀመጠች። በሬዎቹ ያለ ነጂ ዐውድማውን ሁለት ጊዜ ዞሩና ቆመው ገብሱን ይበሉ ጀመር። የሚከለክላቸው አልነበረም።

ገና እንዳለፈ አልጣሽ፣ የአማረች አባት የለም፣ የሚድራት አጎቷ ነው ብላ ለእስቴ ሽማግሌዎች ላከች፤ ለቅሶውም እንደገና ተጠራ። ለሰባት ዓመት ሙት ለቅሶ ሰው አይመጣም ብለው ሰግተው ነበር፤ ከጋይንትም ከእስቴም መጣ። አልጣሽ ጸጉሯን ተላጭታ፣ ከል ለብሳ ወጣች። ያ የቧንቧ ነፍጥ የካሴን ጋቢ ለብሶ ሜዳው መካከል ቆመ፤ ባሩድ አልቀመሰም። ተዋበች አርጅታለች፤ ያኔ ያቋረጠችውን ሙሾ ልትቀጥል አፏን ስትከፍት አልጣሽ ዳግመኛ እጇን ያዘቻት። ሕዝቡ ደግሞ ምን ልታመጣ ነው ብሎ ተንጫጫ። አለቃ ገብረ ሕይወት እንኳ ዐይናቸውን ጨፈኑ።

አልጣሽ ቀንዱን ከጉያዋ አውጥታ ነፍጡ ሥር አስቀመጠችው።

«ካሴን የገደለው ይኸ ነው» አለች። «ይግዛው ለምኖኝ ሌባ ነው ብዬ ከልክዬዋለሁ። ነፍጡ የፈነዳው ባሩዱ ያለ ልኩ በዝቶበት ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ እሱ ያውቅ ነበር፤ ለማንም አልተናገረብኝም። ስሙኝ፣ ወንድሙን የገደለው እሱ አይደለም።»

ቀድሞ የተሰማው የይግዛው ድምፅ ነበር። ያ አፈ ትንሽ ሰው፣ ሰባት ዓመት ወንድሙን ለማልቀስ ያልተፈቀደለት ሰው፣ ጋቢውን ራሱ ላይ ጥሎ ጮኸ። ወንድሜን፣ ወንድሜን እያለ መሬቱን በዚያ ትልቅ እጁ ይመታው ጀመር። ወንዶች ሊይዙት ሮጡ፤ አልቻሉትም። አልጣሽ ቀረበችና እጁን በሁለት እጇ ይዛ ደረቷ ላይ አስጠጋችው። ተዋበችም ያን ጊዜ ሙሾዋን ካቆመችበት ቀጠለች።